«ጓፓ! ጓፓ!» አሏት

ሰው በማያውቀው ቋንቋ ሲሰድቡት ሳይሰማ ያልፋል፤ ባለማወቁም ይጠቀማል። በማያውቀው ቋንቋ ሲያደንቁት ግን ባለማወቁ ይጐዳል። ከዚህም የከፋው አድናቆቱን ስድብ አድርጎ የተረጐመው እንደ ሆነ ነው። ይህን ነገር ያስተማረችኝ በሮቤ ከተማ የጎረቤቴ ልጅ የሆነች አንዲት ሯጭ ናት፤ ትምህርቱም የመጣው በአንዲት የእስፓንኛ ቃል ነው። ቃሏ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን አንዲትን ልጅ እራት አስቀርታለች፣ አንድን የተማሩ ሽማግሌ በጥር ውርጭ በማለዳ አስነሥታለች፣ እኔንም የገዛ ቋንቋዬን እንደ ገና እንድመረምር አድርጋኛለች። ስለዚህ አንባቢ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንዲከተለኝ እለምናለሁ።

ሮቤ ስል በባሌ ያለችውን ከተማ ማለቴ አይደለም፤ የአርሲዋን ሮቤ ነው። ስማቸው አንድ ስለ ሆነ እንግዳ ሰው ያሳስታሉ። የኛዋ ሮቤ ያለችው ስንዴና ገብስ በሚበቅልበት፣ ጧት ጧት ብርዱ ጆሮ በሚቈርጥበት ደጋ ነው። በዚህ ደጋ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ይሮጣል፣ ከብት ሲመልስ ይሮጣል፣ ሲላክም ይሮጣል። ታዲያ ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ እየሮጡ ባሕር ተሻግረዋል።

አርሲና እስፓኝም የተዋወቁት በሩጫ ነው ማለት ይቻላል። የበቆጂ አካባቢ ልጅ የሆነችው ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ስታገኝ፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆናለች። ሁለተኛ ከወጣችው ከደቡብ አፍሪካዊቷ ከኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ፣ የእስፓኝ ሕዝብ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨብጭቦላቸዋል። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ1991 ዓ.ም. በእስፓኝ ከተማ በሴቪያ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር አሸናፊ ነበር። ከዚያም በፊት ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደ ኤልጎይባር፣ እንደ አሞሬቢየታና እንደ ኢታሊካ ባሉት የእስፓኝ አገር አቋራጭ ውድድሮች ኢትዮጵያውያን ሳይሮጡ የቀሩበት ዘመን ጥቂት ነው።

የጎረቤቴ ልጅም በአንድ የጥር ወር ከነዚህ መሰል ውድድሮች ወደ አንዱ ሄደች። የመጀመሪያ ጕዞዋ ነበር። እናቷ ቆሎና ጭኮ ቋጠሩላት፤ እኔ ደግሞ የአክስትና የአጎት ያህል የምቀርብ ጎረቤት እንደ መሆኔ፣ እንግሊዝኛ አስጠናኋት። እስፓንኛ ግን እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ስድስተኛ መውጣቷን ስትነግረኝ «እልል!» ብዬ ልጮኽ ስል፣ ድምፅዋ የደስታ ድምፅ አለመሆኑን ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ‹ጓፓ› ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ማን አለሽ?»

«ሕዝቡ። ጭቃ ባለበት መታጠፊያ ላይ ከፊቴ ያለችውን ልጅ ሳላውቀው በክርኔ ገፋኋት። ወዲያው አጥር ይዘው የቆሙት ሰዎች ‹ጓፓ! ጓፓ!› እያሉ ጮኹብኝ። ከሁሉም በላይ የጮኸችው ያረፍንበት ቤት ባለቤት አሮጊቷ ናት። ከዚያ በኋላ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።»

«ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኋትና ከቤት ወጣሁ። የምጠይቃቸውን ሰው አውቃለሁ።

በከተማችን አንድ የእንስሳት ሐኪም አሉ፤ ሁላችንም «ዶክተር» እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ነገር የማያበዙ፣ ከብታቸው የታመመበትን ገበሬ ሌሊትም ቢሆን ተነሥተው የሚረዱ ሰው ናቸው። እስፓንኛን የተማሩት በኩባ ነው። ይህንንም ለወጣት አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ኩባ በሺሕ የሚቈጠሩ ወታደሮች ልካ ከኢትዮጵያ ጎን ቆማ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችና ሌሎችም ተማሪዎች ወደ ኩባ ተላኩ። ቀድሞ የጥድ ደሴት ይባል በነበረውና በኋላ የወጣቶች ደሴት በተባለው ስፍራ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ግማሹን ቀን ሲማሩ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በመሰል ፍሬዎች እርሻ ይሠሩ ነበር። በዓመታት ውስጥ ከነርሱ ብዙ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የእርሻ ባለሙያዎች ወጥተዋል። ዶክተራችንም በልጅነታቸው ሄደው፣ ጐልማሳ ሆነው ከተመለሱት አንዱ ናቸው።

ማታ ቡና ቤት አገኘኋቸውና ነገሩን አጫወትኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ጓፖ ማለት ደፋር ማለት ነው። ለሴት ሲሆን ጓፓ ይሆናል። ግን ብዙ ጊዜ ለጥሩ አይባልም፤ ጠብ የሚወድ፣ በጉልበቱ የሚመካ ሰውን እንደዚያ እንለው ነበር። ልጅቱን ገፍታ ስላዩ ‹ጠበኛ› ብለዋት ይሆናል» አሉኝ።

ይህንኑ በስልክ ነገርኋት። ዝም አለች። ቈይታም፣ «ታዲያ አሮጊቷ ፊት እንዴት እቀርባለሁ?» አለች። በዚያ ምሽት ሯጮቹ ሁሉ ከቤቱ ባለቤት ጋር ገበታ ሲቀርቡ፣ እሷ ሆዴን አሞኛል ብላ ተኛች።

በማግሥቱ ሰኞ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና የቢሮዬን መስኮት ስከፍት ዶክተሩ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። በብብታቸው ጠርዙ የተበላ ወፍራም መጽሐፍ ይዘዋል። ከሀቫና ያመጡት መዝገበ ቃላት ነው።

«ልጄ፣ ትናንት አሳሳትሁህ» አሉኝ ሳይቀመጡ። «እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ተነሥቼ መጽሐፉን ገለበጥሁ። እኔ የነገርሁህ የኩባን ነው። በእስፓኝ ‹ጓፓ› ማለት ቆንጆ ማለት ነው። ልጅቱን ቆንጆ፣ የኔ ቆንጆ ነው ያሏት። ቶሎ ደውልላት።»

እስፓኝ በክረምቷ ከእኛ 2 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በዚያ ገና አልነጋም ነበር። ደወልሁ። ምን እንደ ሆነ ከመናገሬ በፊት ግን፣ ይህች ቃል ይህን ያህል መንገድ እንዴት እንደ ሄደች ላስረዳ።

የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚተርኩት የቃሏ ሥር «ቫፓ» የሚል የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙም ኃይሉ የጠፋ፣ የሞተ የወይን ጠጅ ማለት ነው። ሮማውያን ለምንም የማይረባውን ሰው በዚሁ ስም ይሰድቡት ነበር። እኛ «የሞተ ጠላ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ቃሉ በፈረንሳይ አገር በኩል ዞሮ እስፓኝ ሲገባ ወሮበላን፣ ጠብ ፈላጊን የሚያመለክት ሆነ። ወሮበላ ደግሞ የማይፈራ ነውና ቀስ በቀስ «ደፋር»፣ «ጀግና» የሚል ትርጉም ያዘ። ደፋር ጐልማሳ በሴቶች ፊት አምሮና አጊጦ መታየት ይወዳልና፣ በመጨረሻ «መልከ መልካም» ማለት ሆነ። በ1713 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የእስፓኝ ቋንቋ አካዳሚ ከ1726 እስከ 1739 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመጀመሪያ መዝገበ ቃላቱ ለጓፖ የጀግንነትን ትርጉም ሰጥቶት ነበር። እንግዲህ ዶክተሩ ከኩባ ይዘውት የመጡት ትርጉም ስሕተት አይደለም፤ እስፓኝ ወደ ጎን የተወችውን አሮጌውን ትርጉም ባሕር ማዶ ያለው አገር ጠብቆ አቈይቶት ነው። በፓራጓይ ደግሞ ጓፖ ሲባል ታታሪ፣ ሥራ ወዳድ ማለት ነው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ «ጓፖ ሆነ» ከተባለ ተቈጣ ማለት ነው። እስፓንኛ በ20 ያህል አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ነውና፣ አንዲት ቃል በየደረሰችበት ጠባይ ብትለውጥ አያስደንቅም።

በእስፓኝ ግን ቃሏን መጠቀም ለሚፈልግ ተማሪ ደንቧ ይህ ነው።

አንደኛ፣ አነባበቧ ለኛ ቀላል ነው። ድምፁን የኛ ፊደል በአንድ ሆሄ ይጽፈዋል፤ «ጓደኛ»፣ «ጓሮ» የምንልበት ጓ ነው። ለአንድ ወንድ ጓፖ፣ ለአንዲት ሴት ጓፓ፣ ለብዙ ወንዶች ወይም ወንድና ሴት ለተቀላቀሉበት ጓፖስ፣ ለብዙ ሴቶች ጓፓስ ይባላል። እኛ «በርታ፣ በርቺ፣ በርቱ» ብለን በግሡ የምንለየውን እነርሱ በቅጽሉ መጨረሻ ይለዩታል። ይህን የዘነጋ ሰው ጢም ያወጣውን ሰውዬ «ቆንጂት» ብሎ ሊያስቅበት ይችላል።

ሁለተኛ፣ «ነህ» ለማለት እስፓንኛ ሁለት ግሥ አለው። «ኤሬስ ጓፓ» ቢሏት፣ ተፈጥሮሽ ቆንጆ ነው ማለት ነው። «ኤስታስ ጓፓ» ቢሏት ግን ዛሬ አምሮብሻል ማለት ነው። እኛም «ቆንጆ ነሽ» እና «አምሮብሻል» ብለን እንለያለን፤ ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ትምህርት እንግዳ አይደለም። አዲስ ልብስ ለለበሰ ጓደኛ የሚባለው ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ከተሳሳቱ ጉዳት የለውም፤ በሁለተኛው ተሳስተው ሙሽራን «ዛሬስ አምሮብሻል» ቢሉ ግን «ሌላ ጊዜስ?» ያሰኛል።

ሦስተኛ፣ ለማን እንደሚባል ማወቅ ያስፈልጋል። በእስፓኝ ገበያ ዓሣና አትክልት የምትሸጥ ሴት ደንበኛዋን «ምን ልስጥሽ፣ ጓፓ?» ትላለች። ደንበኛዋ የ20 ዓመት ልጅም ትሁን የ80 ዓመት አሮጊት ለውጥ የለውም። የአዲስ አበባ ነጋዴ «የኔ እመቤት»፣ «የኔ ቆንጆ» እንደምትለው ነው። መልክ ለመመዘን ሳይሆን ሰውን ለማቅረብ የሚባል ነው። ሆኖም ጐልማሳ ለማያውቃት ወጣት ሴት በመንገድ ላይ ቢጥለው ሌላ ነገር ይሆናል። እስፓኞች እንዲህ ላለው የመንገድ ሙገሳ «ፒሮፖ» የሚል ስም አላቸው፤ ቀድሞ እንደ ጨዋታ ይቈጠር ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ ሴቶች ይጠሉታል። በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግም በመንገድ ላይ ሴትን የሚያዋርድ ለከፋ የሚያስቀጣ ሆኗል። ለቢሮ አለቃም አይባልም። ቃሉ አንድ ሆኖ፣ ከማን አፍ እንደ ወጣ ትርጉሙን ይወስነዋል።

አራተኛ፣ ጓፖ ለመልክ እንጂ ለሥራ አይሆንም። የተማሪውን ደብተር አይቶ የተደሰተ መምህር የሚለው «ሙይ ቢየን» ነው፤ እጅግ መልካም ማለት ነው። ለሯጭ ማበርቻው «ቤንጋ!» ወይም «አኒሞ!» ነው። እዚህ ላይ እኛ ከኢጣልያንኛ የወረስነውን «ብራቮ»ን ያስታወሰ አንባቢ ይኖራል። ኢጣልያ ብራቮ ያለችው ጐበዝ፣ ሥራውን የሚያውቅ ማለቷ ነው። እስፓኞች ያንኑ ቃል «ብራቦ» ብለው ያነቡታል፤ ለማጨብጨቢያም ይሉታል። በተራ ንግግራቸው ግን ኃይለኛ፣ ያልተገራ ማለት ነው፤ በሜዳ የሚዋጉትን በሬ «ቶሮ ብራቦ» ይሉታል። ወንድማማች ቃላት እንኳ እንዲህ ይለያያሉ።

እስቲ አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የእስፓኝን ቃል ጠባይ ስንመረምር የራሳችን «ጐበዝ» ትዝ አይለንምን? ጐበዝ ቀድሞ የጦር ሜዳ ቃል ነበር። የሚፋለም ጐልማሳ ጐበዝ ነው፤ አገር ሲታወክ ሕዝቡ መርጦ የሚያቆመው መሪም የጐበዝ አለቃ ይባላል። የጐልማሳነት ዘመን ራሱ ጕብዝና ይባላል። ሰው ተሰብስቦ ሳለ «ጐበዝ!» ብሎ የሚጀምር ተናጋሪም «እናንተ ወንዶች፣ ስሙኝ» ማለቱ ነው። ዛሬ ግን ጐበዝ የምንለው ማንን ነው? ሒሳብ የደፈነውን ተማሪ፣ ወጥ ያጣፈጠችውን ልጅ፣ ወተቱን የጨረሰውን ሕፃን ነው። ጓፖ ከጠብ ወደ መልክ ሲሄድ፣ ጐበዝ ከጦር ሜዳ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ወጥ ቤት ሄደ። የአርሲ ኦሮሞም ጠንካራውን «ጪማ» ይላል፤ ያው ቃል ጠንካራውን ክንድም ጐበዙን ተማሪም ያመለክታል። ሦስት ሕዝብ በሦስት ቋንቋ፣ ጀግንነትንና ሌላውን መልካም ነገር በአንድ ቃል ሲያስር ማየት ደስ ያሰኛል።

ጐበዝም የራሱ ደንብ አለው፤ እኛ ስላደግንበት አይታየንም እንጂ። ጐበዝ ከላይ ወደ ታች ወይም ከእኩያ ወደ እኩያ ይወርዳል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። አባት ልጁን ጐበዝ ይላል፤ ልጅ አባቱን «ጐበዝ» ቢል ግን ነውር ነው። ለታላቅ ሰው የምንለው «ዕድሜ ይስጥልኝ» ነው፤ እሱ ግን ምርቃትና ምስጋና ነው እንጂ አድናቆት አይደለም። በየቢሮው ያለን ጀማሪ ሠራተኞች ስለ አለቆቻችን ጥፋት ሻይ ቤት ተቀምጠን ስንናገር፣ መልካም ሥራቸውን ግን ለራሳቸው የማንነግራቸው ከዚህም የተነሣ ይመስለኛል። ቃሉ የለንም። አለቆቻችንም በበኩላቸው፣ ደብዳቤ በደንብ የጻፈውን ሠራተኛ «ጐበዝ» ለማለት ይሣሣሉ፤ ካሉት የሚኰራባቸው ይመስላቸዋል። በዚህ ዐይነት ሁላችንም ሳንደናነቅ እንኖራለን።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ። ልጅቱ አነሣች። «ቆንጆ ነው ያሉሽ፤ ጠበኛ አይደለም፤ አሮጊቷም የጮኸችው ልታበረታሽ ነው» አልኋት። ለጊዜው ምንም አልተናገረችም፤ ከዚያ ስታለቅስ ሰማሁ። «እኔ እኮ ከመታጠፊያው በኋላ ያዘገምሁት ተሳድበው መስሎኝ ነው» አለች። ስንት ሰው እንደ ቀደማት አልጠየቅኋትም።

ዶክተሩ ስልኩን ከእጄ ተቀበሉኝና አንዲት ዐረፍተ ነገር አስጠኗት። «ግራሲያስ፣ ጓፓ» የሚል ነው፤ አመሰግናለሁ፣ የኔ ቆንጆ ማለት ነው። «እነርሱ ‹ሲ›ዋን ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል አድርገው ነው የሚሏት፤ አንቺ ግን የኩባን ብትይ ይገባቸዋል» አሏት። እሷም፣ «አሮጊት ናት እኮ፣ ጓፓ ማለት ነውር አይሆንም?» ብላ ጠየቀች። የኛ አገር ልጅ ናትና ጥያቄዋ ትክክል ነበር። «በዚያ ነውር አይደለም፤ ሴት ለሴት ዕድሜ አይጠይቅም» አሏት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች። አውቶቡስ ሊነሣ ሲል ወጥ ቤት ገብታ አሮጊቷን «ግራሲያስ፣ ጓፓ» አለቻት። አሮጊቷም የምታጥበውን ሳሕን አስቀምጣ፣ እጇን በሽርጧ አድርቃ፣ ጕንጯን ይዛ ሳመቻት፤ ብርቱካንም በከረጢት ሞልታ ሰጠቻት። አሮጊቷ የተናገረችው ብዙ ነበር፤ ልጅቱ ከሁሉም የገባት አንዲቷ ቃል ብቻ ናት። ያቺም በቃቻት።

ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል ዶክተሩ መዝገበ ቃላታቸውን በብብታቸው አድርገው ሊሄዱ ተነሥተዋል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ልላቸው ፈለግሁ። አንድ የከተማ ትልቅ ሰው፣ በዕድሜ ልጃቸው ለሚሆን ጸሐፊ «አሳሳትሁህ» ለማለት በማለዳ ውርጭ ሲመጡ፣ እኔ በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም። «ጐበዝ» እንዳልላቸው ነውር ነው። «ዕድሜ ይስጥልኝ» ብል ያሰብሁትን አይነግርልኝም። ቸገረኝ።

«ዶክተር፣» አልኋቸው፣ «እርስዎ ጓፖ ነዎት።»

ቆም ብለው አዩኝ፤ ፈገግም አሉ። «የእስፓኙን ነው ወይስ የኩባውን?» አሉኝ።

«የኩባውን» አልሁ።

ሣቁ፤ ጋቢያቸውን አጣፉና ወጡ። በመስኮቱ ስመለከታቸው እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ ይሥቁ ነበር።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እስፓንኛ ብትማር መልካም ነው፤ ባትማርም ግን ከዚህች ቃል የምትወስደው አለ። የውጭ ቋንቋ የአድናቆት ቃል በሰማህ ጊዜ፣ ከማን አፍ፣ በየት አገር፣ ለማን እንደ ተባለች ጠይቅ እንጂ ለመቀየም አትቸኵል። ተርጓሚም ሆነህ ብትጠየቅ፣ በተጠራጠርህ ጊዜ መዝገቡን ግለጥ፤ ብትሳሳትም እንደ ዶክተሩ በማግሥቱ ማለዳ ሂድ። አድናቆትን በሆድህ ይዘህ አትደር። ቃል ከጠፋህም ተበደር፤ ለብድሩ ወለድ አይጠየቅበትም።